ቃር፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት

ሦስት ትራስ ደርቤ ቁጭ ብዬ አድራለሁ፣
ጋደም ያልኩኝ እንደሁ በእሳት እላሳለሁ፤
ከደረት አጥንቴ ሥር የሚነሣ ነበልባል
ጉሮሮዬን ልጦ አፌ ላይ ይመራል።

ስሜ ደዦ ይባላል። ሆርቶባጅ ሜዳ ላይ፣
ሰማይ በበዛበት፣ ተራራ በማይታይ፣
የባቡር መሻገሪያ ስከፍት፣ ስዘጋ፣
ኖሬ ሠላሳ ዓመት፣ ክረምትና በጋ፣
አሁን የማልዘጋው አንድ በር ቀረብኝ፤
ከሆዴ አፍ ላይ ነው፣ እሱ አስቸገረኝ።
ካርጻግ ያለው ሐኪም ወረቀት ላይ ስሎ
አሳየኝ፣ «በሩ ልል ነው፣ አይገጥምም» ብሎ።

ያልሞከርኩት የለም።
ቤኪንግ ሶዳ በጥብጬ ጠጣሁ፣
እንደ በሬ አገሳሁ፣
አንድ ሰዓት ያህል ዳንኩ፣ በሰዓቱ ነቃሁ።
የጥቅል ጎመን ጭማቂ ፉት ብዬ ስጠጣ
ድመቷ በመስኮት ዘለለች ከሽታው ልትወጣ።
ናናም ቀቅዬ ነበር፤ ናና ግን ከሐዲ ነው፤
አፍ ላይ ይቀዘቅዛል፣ በሩን ይባስ ከፈተው።

አራንካ፣ ጎረቤቴ፣ ግንቦት አንዴ ሲገባ
ስንዴ ከማይበቅልበት፣ ሶዳ ካነጣው መሬት፣
በጥርሳም እንጨቷ የካሞማይል አበባ
እንደ ሴት ልጅ ጠጉር ታበጥራለች፣ ጤዛው ሳይደርቅበት።
«መሬቱ ራሱ ሶዳ ነው፣ አበባው ከእሱ ጠጥቷል፤
ሆዱ ሆምጣጤ ለሆነ ማን ከእሱ ይሻላል?»
ትለኛለች፤ እፍኝ ትሰጠኛለች፣ ከእንስላል ፍሬ ጋር፤
ተልባም ትጨምራለች፣ ውሃ ውስጥ የሚያድር።
ሲነጋ የሚዝለገለገውን ዓይኔን ጨፍኜ እውጣለሁ፤
እውነት ለመናገር፣ አንጀቴን ሲያርሰው አውቃለሁ።
ግን ሌሊት ስምንት ሰዓት ሲሆን ያው እነቃለሁ።

ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ወንድሜ አምብሩሽ አለ።
በአባታችን ጉድጓድ ስንካሰስ ሰንብተን፣
ጉድጓዱም ደረቀ፣ እኛም በዚያው ቀረን፤
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «እንዴት አደርህ» የለ።
ቅር ያለኝን ሁሉ «ሆድ ይፍጀው» ብዬ ነበር የዋጥኩት፤
የዋጥኩት ሆዴን ፈጀው፣ ዘግይቼ አወቅሁት።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ጽዋዬን እንደያዝኩ ወደ መስኮት ስጠጋ
የእሱም ወጥ ቤት በርቷል። ገና ነው፣ አልነጋ።
አምብሩሽ ቆሟል፣ እጁ ደረቱ ላይ፣ ልክ እንደ እኔ ጎብጦ፣
ከጣሳ ይጎነጫል፣ ፊቱን አጨማድዶ፣ አንገቱን ወጥሮ።
ያን ዝልግልግ ነገር ከሩቅ አላጣሁትም።
አራንካ፣ አንቺ ተንኮለኛ!
ከአንድ ከረጢት ነው ለካ ለሁለት የምትሰፍሪው!
ትዝ አለኝ አባቴ፣ በሌሊት ተነሥቶ
በዚያው መስኮት ቆሞ፣ ደረቱን ጨብጦ።
ጉድጓዱን ስንካፈል
ሆዱን እንዳወረሰን የጻፈልን ጠበቃ አልነበረም።

ረቡዕ ማለዳ አጥሩ ድረስ ሄድኩ። ቃር ይሁን ቅር
እንጃ፣ ጉሮሮዬ ላይ የተሰነቀረው። «ይቅር»
ልል አፌን ብከፍት፣ ግሳት ቀድሞ ወጣ፣
የሰፈሩን ውሻ ሁሉ የሚያስቆጣ።
አምብሩሽ ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ
«እንስላል አንሶታል» አለ፤ «ሳትወቅጥ አትዘፍዝፈው።»
ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ ይኸው።

ቃሩ አልለቀቀኝም። ሦስቱ ትራሶች አሉ።
ብቻ ስምንት ሰዓት ላይ
የማዶው መብራት ጠፍቶ መልሶ ይበራል፤
እኔም የእኔን አጥፍቼ አበራለሁ፣
መንገዱ ነጻ ነው እንደሚል
እንደ ድሮ ሥራዬ።